ቻይናን ያልረገጠው ሊቅ በቻይና ቀሚስ፦ የቴንጂን ሥዕል እንዴት ይነበባል?

ሥዕሉ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ሐር ወይም ወረቀት ላይ ነው። መሐል ላይ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሟል። የለበሰው እጅጌው የሰፋ የቻይና ቀሚስ ነው፤ እጆቹን አጣምሮ እጅጌው ውስጥ ከቷቸዋል፤ ራሱ ላይ የቻይና ሊቃውንት ቆብ ደፍቷል። ከክንዱ ሥር ያበበ የፕሪም ቅርንጫፍ ብቅ ብሏል። ከትከሻው በማንገቻ የወረደች ትንሽ ከረጢት ጎኑ ላይ ተንጠልጥላለች። ከበስተኋላው አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም።

ጃፓኖች ይህን ዓይነቱን ሥዕል «ቶቶ ቴንጂን» ይሉታል፤ ወደ ቻይና የተሻገረው ቴንጂን ማለታቸው ነው። ቴንጂን የአምላክ ስም ነው፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ይባል ነበር፤ ባለቅኔ፣ የቻይና ሥነ ጽሑፍ ሊቅና የቤተ መንግሥት ሹም። የኖረው ከ845 እስከ 903 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቻይናን ረግጦ አያውቅም። እንዲያውም መልእክተኛ ሆኖ እንዲሄድ በተሾመ ጊዜ ጉዞው እንዲቀር ያመለከተው ራሱ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሥዕል ላይ የሰውየውን መልክ የሚፈልግ አያገኘውም። ሚቺዛኔ በሕይወቱ ሳለ ተሥሎ የደረሰን ምስል የለም፤ ዛሬ በእጅ ያሉት ሥዕሎች ከሞተ ከ300 ዓመት በኋላና ከዚያም ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ሠዓሊው ፊቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ታሪኩን ነው። ልብሱ፣ አበባው፣ ከረጢቱ፣ የከንፈሩ አያያዝ ሳይቀር እያንዳንዳቸው ሥዕሉን ያሠራው ወገን ከቴንጂን ምን ይፈልግ እንደነበር ይናገራሉ። እነዚህን ምልክቶች ለይቶ ያወቀ ሰው የጃፓንኛ ፊደል ባያነብም የትኛው ቴንጂን ፊቱ እንደቆመ መለየት ይችላል።

መጀመሪያ ሕይወቱን ባጭሩ። ሱጋዋራዎች የጦር ሳይሆን የቀለም ቤተሰብ ነበሩ፤ አያቱም አባቱም በቤተ መንግሥቱ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ሚቺዛኔ በ11 ዓመቱ በቻይንኛ ግጥም እንደጻፈ ይነገራል። በ877 የሥነ ጽሑፍ መምህርነቱን ወረሰ፤ ከ886 እስከ 890 የሳኑኪ አውራጃ ገዥ ሆነ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ኡዳ በወቅቱ ቤተ መንግሥቱን በእጃቸው ካስገቡት ከፉጂዋራዎች ውጭ የሚያምኑት ሰው ሲፈልጉ ያገኙት እሱን ነው። በ894 በታንግ ሥርወ መንግሥት ወደምትገዛው ቻይና የሚላክ መልእክተኛ አድርገው ሾሙት። እሱ ግን ታንግ በራሷ ሁከት እየፈራረሰች ስለሆነ ጉዞው እንደገና ይታሰብበት ብሎ ጻፈ፤ ጉዞውም ቀረ። ታንግም በ907 ወደቀች።

በ899 የቀኝ ሚኒስትር ሆነ። የግራ ሚኒስትሩ ፉጂዋራ ኖ ቶኪሂራ ነበር። እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ መጠንቀቅ አለበት፤ ከቀኝአዝማችና ከግራአዝማች ተራ በተቃራኒ በጃፓን ቤተ መንግሥት ግራ ከቀኝ ይበልጣል። ኡዳ ዙፋኑን ለልጃቸው ለዳይጎ ከለቀቁ በኋላ ሚቺዛኔ ጠባቂ አጣ። በ901 ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት አውርዶ የገዛ ልጁን ባል ሊያነግሥ አሲሯል ተብሎ ተከሰሰና በስተ ደቡብ ምዕራብ ርቃ ወደምትገኘው ኪዩሹ ደሴት፣ ዳዛይፉ ወደምትባል ከተማ ተላከ። በሹመት ስም የተሰጠ ግዞት ነው። ከቤቱ ሲወጣ ለግቢው የፕሪም ዛፍ የተናገረው ግጥም ጃፓን ውስጥ የማያውቀው ተማሪ የለም፤ የምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ሽታሽን ላኪልኝ፤ ጌታዬ የለም ብለሽ ፀደይን እንዳትረሺ ይላል። አፈ ታሪኩ ዛፏ ከያኔዋ ዋና ከተማ ከኪዮቶ በርራ ዳዛይፉ ተከተለችው ይላል። በሥዕሎቹ ሁሉ ላይ ያለው ፕሪም ይህች ናት። በ903 እዚያው ግዞት ላይ ሞተ።

ቀጥሎ የሆነው ሥዕሎቹ መኖራቸውን የሚያስረዳው ክፍል ነው። በ909 ቶኪሂራ በ39 ዓመቱ ሞተ። በ923 አልጋ ወራሹ ሞተ፤ ቤተ መንግሥቱ ደንግጦ ለሟቹ ሚቺዛኔ ማዕረጉን መለሰለት። መመለሱ አልጠቀመም። በ930 ክረምት ሹማምንቱ ስለ ድርቁ ሊመክሩ በተሰበሰቡበት መብረቅ የንጉሠ ነገሥቱን መኖሪያ አዳራሽ መታ፤ ሰው ገደለ፤ ሌሎቹን አቃጠለ። ዳይጎ ራሳቸው ታመው በሦስት ወር ውስጥ ሞቱ። በዚያ ዘመን እምነት በግፍ የሞተ ታላቅ ሰው መንፈሱ አይተኛም፤ ቸነፈርና እሳት ይልካል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ቤተ መቅደስ ሠርቶ ማክበር። በ947 ኪዮቶ ውስጥ፣ አስቀድሞ የነጎድጓድ አምላክ በሚመለክበት በኪታኖ ስፍራ፣ ቤተ መቅደስ ቆመለት። በ993 ከሞተ ከ90 ዓመት በኋላ የመንግሥቱ ከፍተኛ ማዕረግ ተሰጠው። መጀመሪያ የተመለከው እንግዲህ ስለተፈራ ነው፤ ስለ ዕውቀቱ መመለክ የጀመረው ፍርሃቱ እየበረደ ሲሄድ ነው።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ። በዘመን ቀዳሚው መልክ በቤተ መንግሥት ልብስ የተቀመጠው ቴንጂን ነው። «ሶኩታይ» የሚባለውን የክብር ልብስ ለብሷል፤ ሰፊና ጥቁር መደረቢያ፣ ከኋላው ጭራ የወረደለት ጥቁር ቆብ፣ ወገቡ ላይ ሰይፍ፣ እጁ ላይ «ሻኩ» የምትባል ጠባብ ጠፍጣፋ እንጨት። የተቀመጠበት ምንጣፍ ጠርዙ በደማቅ ቀለማት የተሰነተረ ነው፤ ያ ጠርዝ ለከፍተኛ ማዕረግ ብቻ የተፈቀደ ነበር። ብዙ ጊዜ ፕሪምና ጥድ አብረው ይሣላሉ።

ልብሱን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ትከሻው ተወጥሮ፣ እጅጌው እንደ ሰሌዳ ደርቆ፣ ማዕዘኑ ሹል ሆኖ ይታያል። ይህ በስታርች የተወጠረ አለባበስ ቤተ መንግሥት የገባው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ሚቺዛኔ ሲሞት ሹማምንቱ የሚለብሱት ለስለስ ብሎ የሚወርድ ልብስ ነበር። ሠዓሊው በራሱ ዘመን ያለውን ታላቅ ሹም ልብስ አልብሶታል ማለት ነው። ለቀን መገመቻም ይጠቅማል፤ «በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተሣለ» ተብሎ የደረቀ ትከሻ ያለው ሥዕል ቢቀርብላችሁ አትመኑ።

ከዚሁ ወገን የተቆጣው ቴንጂን አለ፤ «ኢካሪ ቴንጂን» ይባላል። ልብሱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ፊቱ ላይ ነው። ቅንድቡ ተገጣጥሟል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ የላይኛው ጥርሱ የታችኛውን ከንፈር ነክሷል። ሻኩውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሊነሳ የተቃረበ ይመስላል። አፍ ውስጥ ጥርስ ከታየ መብረቁን የላከው ቴንጂን ነው።

በገመድ ላይ የተቀመጠውም ከቁጡዎቹ ይቆጠራል። ወደ ግዞት ሲሄድ ከመርከብ በወረደበት የባሕር ዳርቻ የሚቀመጥበት ምንጣፍ ስላልተገኘ መርከበኞቹ የመርከብ ገመድ ጠቅልለው አስቀመጡት የሚል ታሪክ አለ። በሥዕሉ ላይ ከሥሩ ያለውን ክብ ጥቅልል ያየ ሰው እባብ ሊመስለው ይችላል፤ ገመድ ነው። ለቤተ መንግሥት ሰው ያለ ምንጣፍ መቀመጥ ውርደት ነበርና ገመዱ የበደሉ ማስታወሻ ሆኖ ይሣላል።

ከነጠላ ሥዕሎቹ ሌላ ሙሉ ታሪኩን የሚተርኩ ረጃጅም ጥቅልሎች አሉ። እጅግ የታወቀው የኪታኖ ቤተ መቅደስ ይዞት የሚገኘውና ጽሑፉ 1219ን የሚጠቅሰው ነው፤ የጃፓን ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቁመቱ 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከተለመዱት የሥዕል ጥቅልሎች በጣም ይተልቃል። መብረቁ አዳራሹን ሲመታ፣ ሹማምንቱ ተደነባብረው ሲወድቁ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የሚቺዛኔ መንፈስ ወደ አንድ የቡድሃ መነኩሴ ሄዶ ሮማን ቀርቦለት ፍሬውን በልቶ በበሩ ላይ ሲተፋው እሳት ሆኖ የነደደበት ትዕይንትም ከዚሁ ታሪክ ነው።

ወደ ቻይና ቀሚሱ እንመለስ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኤንኒ የሚባል ጃፓናዊ መነኩሴ ቻይና ሄዶ ከሃንግዡ ከተማ አቅራቢያ በጂንግ ተራራ ገዳም በመምህሩ በዉዡን ሺፋን እግር ሥር ዜን የሚባለውን የቡድሃ እምነት ዘርፍ ተምሮ በ1241 ወደ ኪዩሹ ተመለሰ። ኋላ የተጻፈው አፈ ታሪክ እንዲህ ይቀጥላል፦ ቴንጂን ለኤንኒ ተገለጠለትና የዜንን ምሥጢር አስተምረኝ አለው። ኤንኒም የኔ መምህር ጂንግ ተራራ አለ፤ ወደ እሱ ሂድ አለው። ቴንጂን በአንዲት ሌሊት ባሕሩን ተሻግሮ በዉዡን ፊት የፕሪም ቅርንጫፍ ይዞ ቆመ፤ መምህሩም መረዳቱን አይቶ የደቀ መዝሙርነት ልብስ ሰጠው። በጎኑ ያለችው ከረጢት የያዘችው ይህንን ልብስ ነው። የዜን መምህር ትምህርቱን ላስረከበው ተማሪ የሚሰጠው መደረቢያ ስለሆነ ከረጢቷ የምስክር ወረቀት ያህል ትቆጠራለች። ሚቺዛኔ በ903 ሞቷል፤ ጉዞው ከሞተ ከ338 ዓመት በኋላ ነው። ይህ ለተራኪዎቹ ችግር አልነበረም፤ የሚጓዘው ሰው ሳይሆን አምላክ ነው።

ይህን ታሪክ ማን ፈለገው? የዜን ገዳማት መነኮሳት። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ በኪዮቶና በካማኩራ ታላላቅ የዜን ገዳማት የሚኖሩት መነኮሳት የቻይንኛ ግጥም ይጽፉ፣ በቻይና ቀለም ሥዕል ይሥሉ ነበር። ትምህርታቸው ግን ከውጭ የመጣ ነው ተብሎ ይታማል። የአገሬው የሥነ ጽሑፍ አምላክ ራሱ ዜን ሊማር ባሕር ከተሻገረ ክርክሩ ተዘጋ። በኔ ግምት ከጃፓን ሥዕሎች ሁሉ እንደዚህ በግልጽ ለአንድ ወገን ጥብቅና የቆመ ጥቂት ነው፤ ጉዞውን ያስቀረውን ሰው ተጓዥ አድርጎ መሣል ድፍረት ይጠይቃል።

የቶቶ ቴንጂን ሥዕል የላይኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ባዶ ይተዋል። እዚያ ላይ አንድ የዜን መነኩሴ በቻይንኛ ግጥም ይጽፍና ስሙን አኑሮ ማኅተሙን ይመታል። ሥዕሉን ለሚያጠና ሰው ከሠዓሊው ይልቅ ይህ ጽሑፍ ይበልጥ ጠቃሚ ነው፤ አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ስማቸውን አልጻፉም፤ የመነኩሴው የሞት ዓመት ግን በገዳም መዝገብ ይገኛል። ሥዕሉ ከዚያ ዓመት በፊት የነበረ መሆን አለበት፤ ጽሑፉ ኋላ ተቆርጦ ያልተለጠፈ ከሆነ። ይህን ለማጣራት በጽሑፉና በምስሉ መካከል የሐሩ ክር ሳይቋረጥ መውረዱን ማየት ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሃኩይን የተባለው የዜን መነኩሴ (ከ1686 እስከ 1769) ይህንኑ ምስል በሌላ መንገድ ሠራው። ቀሚሱን በመስመር ከመሣል ይልቅ የአምላኩን ስም የሚጠሩትን የጸሎት ፊደላት እያጠማዘዘ እጅጌና እጥፋት አደረጋቸው። ራቅ ብሎ ሰው፣ ቀረብ ብሎ ጽሑፍ ነው። ሃኩይን የተወለደው፣ ዓመታትን በ12 እንስሳት በሚሰይመው የምሥራቅ እስያ አቆጣጠር፣ በበሬ ዓመት፣ በወሩ በ25ኛው ቀን ነው። ሚቺዛኔም የተወለደው በበሬ ዓመት ነው፤ 25 ደግሞ የሞተበት ቀን በመሆኑ የቴንጂን ቀን ነው። በቴንጂን ቤተ መቅደሶች ግቢ የተኛ በሬ ሐውልት የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተማሪዎች ከፈተና በፊት ራሱን ይዳስሱታል።

ሥዕሎቹ ተራ ጌጥ አልነበሩም። ገጣሚዎች ተሰብስበው አንዱ ከሌላው ስንኝ እየቀጠለ እስከ 100 ስንኝ በሚደርሱበት «ሬንጋ» በሚባለው የግጥም ጉባኤ፣ ክፍሉ ፊት ለፊት የቴንጂን ጥቅልል ይሰቀላል፤ ከሥሩ አበባና ዕጣን ይቀመጣል። በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) ልጆች ማንበብና መጻፍ በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶችም ይሰቀል ነበር፤ በርካሽ የታተሙና በእጅ ቀለም የተቀቡ ቴንጂኖች በብዛት የተረፉት ከዚያ ነው። ልማዱ ዛሬም በቶያማና በፉኩዪ አውራጃዎች አለ፤ ወንድ ልጅ ሲወለድ የእናቱ ወላጆች የቴንጂን ጥቅልል ይሰጣሉ፤ በአዲስ ዓመት ሰሞን ቤት ውስጥ ይሰቀላል። ፉኩዪ ውስጥ ጥር (ጃንዋሪ) 25 ቀን የተጠበሰ ጠፍጣፋ ዓሣ ይቀርብለታል፤ ቤተሰቡም ይበላል።

ከቴንጂን ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው ካኪኖሞቶ ኖ ሂቶማሮ ነው፤ እሱም ባለቅኔ ነው፣ እሱም ተመልኳል። ሂቶማሮ ግን ሽማግሌ ነው፤ ልብሱ የቤት ልብስ ነው፤ ተቀምጦ ክንድ ማሳረፊያ ላይ ዘንበል ይላል፤ እጁ ላይ ብሩሽ፣ ፊቱ ላይ ወረቀት አለ፤ ዓይኑ ስንኝ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ሩቅ ያያል። ይህ መልክ አንድ የቤተ መንግሥት ሰው በሕልሙ አየሁት ካለው የመነጨ ነው፤ በ1118 በፊቱ መባ እየቀረበ ግጥም ተነቧል። ብሩሽ ካለ ሂቶማሮ፣ ሻኩ ወይም ከረጢት ካለ ቴንጂን ብላችሁ ብትይዙ አትስቱም።

አሠራሩን ማወቅ ሥዕሉ ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት ያስፈልጋል። ሐሩ መጀመሪያ እንጨት ላይ ተወጥሮ ከሙጫና ከሸብ በተቀላቀለ ውሃ ይቀባል። ሙጫው ከእንስሳት ቆዳ የሚወጣ ነው፤ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍና በ60 ወይም በ70 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከፈላ የመያዝ ኃይሉ ይሞታል። ሸቡ ከሙጫው ግማሽ መብለጥ የለበትም። ሲያንስ ቀለሙ ሐሩ ላይ ይፈሳል፤ ሲበዛ አሲድ ሆኖ ከዓመታት በኋላ ሐሩን ያደርቀዋል።

ቀለማቱ የተፈጨ ድንጋይ ናቸው፦ ሰማያዊው አዙራይት፣ አረንጓዴው ማላካይት፣ ቀዩ ሲናባር። ከአንድ ድንጋይ ብዙ ቀለም ይገኛል፤ ሻካራው ዱቄት ጠቆር፣ የላመው ፈዘዝ ይላል። ነጩ በቀደመው ዘመን የእርሳስ ነጭ ነበር፤ ከሙሮማቺ ዘመን (ከ1336 እስከ 1573) ወዲህ የኦይስተር ዛጎል ዱቄት ቦታውን ያዘ። የዛጎሉ ነጭ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ዱቄቱ በሙቀጫ ይልማል፣ ሞቅ ያለ ሙጫ ጠብ ጠብ እየተደረገበት ይለወሳል፣ ሊጡ ሳህን ላይ 100 ጊዜ ያህል እየተወረወረ ይመታል፣ ከዚያ ነው በውሃ የሚበጠበጠው። ይህ ካልተደረገ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ለፊቱ ሌላ ዘዴ አለ። ሠዓሊው ነጩን ከሐሩ በስተጀርባ ይቀባል፤ ቀለሙ በክሮቹ መሐል አልፎ ሲታይ ቆዳው ለስላሳ ይመስላል። በኋላ ጥገና ላይ ዋናው አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ወደዚያው እንደርሳለን።

የተጠናቀቀው ሥዕል በጀርባው አብዛኛውን ጊዜ አራት ድርብ ወረቀት ይለጠፍበታል። የመጀመሪያው ስስ ወረቀት በአዲስ የስንዴ ስታርች ማጣበቂያ ይያያዛል። ለሚቀጥሉት የሚጠቅመው ግን በከባድ ብርድ ወቅት ተቀቅሎ በገንቦ 10 ዓመት ያህል የከረመ ማጣበቂያ ነው። የከረመው ደካማ ነው፤ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው፤ ሲደርቅ አይጠነክርም፣ ጥቅልሉ እንደልብ ይተጣጠፋል። በደንብ እንዲይዝ ግን በከባድ ብሩሽ ጀርባው እየተደበደበ ይሰርጻል። ከፊት በኩል ሥዕሉ በሐር ጥለት ይከበባል፤ ከሥዕሉ በላይ ያለው ክፍል ከታቹ እጥፍ ያህል ይሆናል። ከላይ ቀጭን፣ ከታች ወፍራም ዘንግ ይገባል። ሁሉም ነገር ሰሌዳ ላይ ተወጥሮ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይደርቃል። የቸኮለ ሠራተኛ ያወጣው ጥቅልል ሲሰቀል ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ።

ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጠቅለል ነው። ሐር፣ ሙጫና አራት ወረቀት እርጥበትን በተለያየ መጠን ይጠጣሉ። ክፍሉ ሲደርቅ ሁሉም እኩል አይኮማተሩም፤ ጥቅልሉ ሲከፈትና ሲዘጋ አግድም መስመሮች ይወጣሉ። መስመሩ ችላ ከተባለ ሐሩ እዚያው ላይ ይሰበራል። ድንጋዩ ቀለም ሙጫው ሲያረጅ ይረግፋል፤ ሻካራው ሰማያዊና አረንጓዴ ቀድሞ ይሄዳል። አረንጓዴው መዳብ ስላለበት ከሥሩ ያለውን ሐር ወይም ወረቀት ያቃጥላል፤ ጀርባውን ስትገለብጡ ቡናማ ሆኖ የአረንጓዴውን ቅርጽ ይዞ ታገኙታላችሁ። ሐር ብርሃን ስለማይወድ ሙዚየሞች 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ብቻ ያበሩበታል፤ ለሳምንታት ካሳዩት በኋላም መልሰው ያስቀምጡታል። ይህን ሥዕል ልታዩ ሄዳችሁ ሙዚየሙ «አሁን ለእይታ የለም» ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በእጃችሁ ጥቅልል ካለ አያያዙ እንዲህ ነው። እጅ ታጥቦ ይደርቃል፤ ሰዓትና ቀለበት ይወልቃል። ክሩ ተፈትቶ ጥቅልሉ ጠረጴዛ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይከፈታል። የላይኛው ገመድ ጫፉ መንታ በሆነ ዱላ ተይዞ ሚስማሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሌላኛው እጅ የታችኛውን ዘንግ ከሥር ደግፎ ቀስ እያለ ያወርዳል። ዘንጉ በድንገት ከተለቀቀ ክብደቱ ሥዕሉን ከላይ ይቀደዋል። ሲጠቀለል ከታች ይጀመራል፤ ጠርዞቹ እኩል ይሄዳሉ፤ ከጠማማ ጠርዙን በመምታት ለማስተካከል ከመሞከር መልሶ ፈትቶ እንደገና መጠቅለል ይሻላል። አጥብቆ መጠቅለል አግድም መስመር ይፈጥራል። ቀለሙ የወፈረ ወይም መስመር የጀመረው ሥዕል በዘንጉ ላይ ሌላ ወፍራም የእንጨት ከበባ ይገባለትና በሰፊ ክብ ይጠቀለላል። ማስቀመጫው ፓውሎኒያ ከሚባል ዛፍ የተሠራ ሣጥን ነው፤ እንጨቱ ቀላል ከመሆኑም በላይ እርጥበት ቶሎ እንዳይለዋወጥ ያደርጋል። ዝናባማ ቀን አውጥቶ መስቀል ሻጋታን መጋበዝ ነው።

የኪታኖ ቤተ መቅደስ በየወሩ በ25 የሚያካሂደው ገበያ ስላለ እዚያ ወይም በኢንተርኔት አሮጌ ቴንጂን የሚገዙ አሉ። በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ፊቱን ተመልከቱ፤ እኩል የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካያችሁ በማሽን የታተመ ነው። በሣጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አትመኑ፤ ሣጥንና ሥዕል ይለዋወጣሉ።

ትልቁ ጥገና አሮጌዎቹን ወረቀቶች አንሥቶ በአዲስ መተካት ነው፤ አንድ ጥቅልል በመቶ ዓመት አንዴ ያህል ያስፈልገዋል። ባለሙያው መጀመሪያ የሚረግፈውን ቀለም በቀጭን ሙጫ ያጸናል፤ ከዚያ ፊቱን ከባሕር አረም በሚወጣ ማጣበቂያ ስስ ወረቀት ለብጦ ይገለብጠዋል። የውጪዎቹ ወረቀቶች በእርጥበት ይላቀቃሉ። ሐሩን የነካው የመጀመሪያው ወረቀት ግን አይላጥም፤ ከበስተጀርባ የተቀባውን የፊት ነጭ ይዞት ይወጣልና። እያረጠቡ በወረንጦ ቃጫ በቃጫ ይነሣል፤ ወራት ይፈጃል። በብዙ ውኃ አርሰው በአንዴ የሳቡ የጥንት ጠጋኞች የፊቱን ነጭ አብረው አጥፍተዋል፤ ፊታቸው ግራጫ ሆኖ የቀረ አንዳንድ ቴንጂኖች ያረጁ ሳይሆን የተላጡ ናቸው።

የተቀደደው ቦታ የሚሞላው በአዲስ ሐር ነው፤ እዚህም ወጥመድ አለ። አዲስ ሐር ከ500 ዓመቱ ሐር ስለሚጠነክር ጥቅልሉ በተጠቀለለ ቁጥር አሮጌውን ከጠርዙ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጃፓን ውስጥ የሚሞላው ሐር በኤሌክትሮን ጨረር ተመትቶ ሆን ተብሎ ይዳከማል፤ የክሩ ብዛትና ውፍረት ከዋናው ጋር ተስተካክሎ በቀዳዳው ልክ ይቆረጣል። ቀለሙም ከዙሪያው ጋር እንዲመሳሰል ፈዘዝ ተደርጎ ይነከራል፤ የጠፋው ቅንድብ ወይም ከንፈር ግን ተመልሶ አይሣልም። አግድም መስመሮቹ ደግሞ ከጀርባ ወርዳቸው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በሆኑ የወረቀት ቀጫጭኖች ይደገፋሉ፤ በአንድ በተጎዳ ሥዕል ጀርባ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቀጫጭኖች ሊለጠፉ ይችላሉ፤ ሥዕሉ ብርሃን ፊት ሲያዝ እንደ መሰላል ተደርድረው ይታያሉ።